የተያዦች አግዳሚ

ሰው መሪ ሲያስይዙት መጀመሪያ የሚያደርገው መልቀቅ ነው። ደንበኛው ሄልሜቱን ያጠልቃል፣ ሞተሩ ላይ ጉብ ይላል፣ ከዚያ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ይጠብቃል። «ምን እየጠበቅክ ነው?» እለዋለሁ። «እስኪሄድ» ይለኛል። አይሄድም እኮ፣ የምትነዳው አንተ ነህ ስለው የቀለድኩ መስሎት ይስቃል።

አይፈረድበትም። ከተወለደ ጀምሮ መኪና ወስዶት እንጂ እሱ መኪና ወስዶ አያውቅም። መሪ ከሰው እጅ ከወጣ አንድ ሙሉ ትውልድ አልፏል። መኪናው በሩን ይከፍታል፣ ትገባለህ፣ በሩ ይዘጋል፣ ትደርሳለህ። ክፉ ነው አልልም። ድሮ በየመንገዱ ሰው በመኪና ያልቅ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ያለውን ሞት የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። እኔ የማልወደው ጸጥታውን ነው። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ይመስላል።

በእጅ መንዳት የሚፈቀደው መዝናኛ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። የእኛ ሜዳ አቢያታ ሐይቅ ወደ መሀሉ ሲሸሽ ጥሎት የሄደው መሬት ነው፤ ነጭ፣ ድርቅ ያለ፣ ሲረግጡት እንደ ቆሎ የሚንኮሻኮሽ። ሞተር ብስክሌት እናከራያለን፣ ባለአራት እግር እናከራያለን፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሜዳው ስለሚላቁጥ ጎማ የሌላቸውን የጭቃ ተንሸራታቾች እናወጣለን። ሜዳውን ዙሪያውን ቀይ ምሰሶዎች ከበውታል፤ ከምሰሶዎቹ ማዶ መንዳት ክልክል ነው። ድርጅቱ ያለው አዲስ አበባ ነው። እዚህ ያለነው እኔ፣ ሞተሮቹና ሲስተሙ ነን።

ሲስተሟ የሴት ድምፅ አላት፣ ሰውንም ሁሉ አንቱ ትላለች። ለመከራየት የመጣን ሰው ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ተያዥዎ ማን ነው?»

ተያዥ የሌለው አይነዳም። ተያዡ ከሱቁ በራፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥና ከፊቱ የተዘረጋውን የብረት ቧንቧ ይጨብጣል። ነጂው ምሰሶዎቹን ካለፈ የሚቀጣው ነጂው አይደለም፤ ተያዡ ነው። አንድ ዓመት ይታገዳል። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ በር አይከፍትለትም፤ መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ባቡሩ፣ የሚኖርበት ፎቅ አሳንሰር ሳይቀር። በእግሩ መሄድ የሚከለክለው የለም። ሐሳቡን የቀየረ ተያዥ ጥፋቱ ሳይፈጸም እጁን ከቧንቧው ካነሳ ነፃ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ብልጦች ናቸው። ሰው ለራሱ ነፍስ ግድ የለውም፤ የሌላው ነገር ሲሆን ግን መሪውን አጥብቆ ይይዛል።

በዚህ ምክንያት ደንበኞቼ ጥቂት ነበሩ። አብዛኞቹ ሊጋቡ ያሰቡ ናቸው። ልጁ ይነዳል፣ ልጅቷ ቧንቧውን ይዛ ትቀመጣለች፤ ቀጥሎ ይቀያየራሉ። ከሽማግሌ መላክ በፊት የሚደረግ ነገር ሆኗል። አንዳንዷ ልጁ ወደ ምሰሶው ጠጋ ሲል እጇን ከቧንቧው ላይ ብድግ ታደርጋለች፤ ሞተሩ ሜዳው መሀል ቀጥ ይላል፤ ልጁ ሄልሜቱን አውልቆ፣ ሞተሩን እየገፋ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። እንዲህ ያሉትን ሻይ ጋብዤ ነው የምሸኛቸው።

እኔ ራሴ ነድቼ አላውቅም። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ለሥራ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ፣ ሚስትም ዘመድም የሌለኝ ሰው። ያዙኝ ብዬ የምጠይቀው አልነበረኝም። ዘጠኝ ዓመት ሞተር ወለወልኩ፣ ባትሪ ሞላሁ፣ ለሰው ፍሬን አስተማርኩ። ውሃ ሳይነካ ዋና የሚያስተምር ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ኢክራም ሱሩር የመጣች ቀን ነፋሱ ነጩን አቧራ ያቦን ነበር። በከተማችን ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ስትናገር ሰው ዓይን ላይ የምታተኩር።

«ጋሼ፣ እኔ ለመዝናናት አይደለም የመጣሁት» አለችኝ። «መንዳት መማር እፈልጋለሁ።»

ከሜዳው ማዶ፣ ከምሰሶዎቹ ባሻገር ባለው ኮረብታ ላይ ጋራ ሐሮ የምትባል መንደር አለች። እስከዚያ ያለው መሬት ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ አምና መንገድ የነበረው ዘንድሮ ገደል ነው። መኪናዎቹ ደግሞ የማያውቁትን መሬት አይረግጡም። አምቡላንሱ ካርታው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቆሞ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ምጥ የያዛትን ሴት እስከዚያ በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧታል።

«ባለፈው ክረምት አንዷን ይዘው ደረሱ» አለች ኢክራም። «አምቡላንሱ ነበር፣ እኔም ነበርኩ፣ መድኃኒቱም ነበር። እሷ ግን መንገድ ላይ አልፋለች።»

የጤና ባለሙያ መዝናኛ ሜዳ ላይ ሦስት ወር ያለ ጥፋት ከነዳ ከምሰሶ ማዶ በእጅ የመንዳት ፈቃድ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ደንብ እንዳለ የማውቀው እኔም ከእሷ ሰምቼ ነው። ተያዥዋ ወንድሟ ሙባረክ ሆነ፤ አስተማሪ ነው፣ ዝምተኛ ልጅ።

ለማንም ጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት አንድ ነው። ለእሷም ነገርኳት። «ሞተር ላይ ሰላምታ የለም። ሰው ቢያይሽ እንዳላየ ሆነሽ እለፊ። እጅሽን ከመሪው ካነሳሽ አለቀልሽ።» ሳቀች። ሁሉም ይስቃሉ።

ፈጥና ገባት። ነገር ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከምሰሶዎቹ ማዶ አህዮች የሚነዱ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንስተው «እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሏት። ኢክራም ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ሞተሩም አብሯት ጎንበስ አለና በሁለት ምሰሶዎች መሀል ሾልኮ ሄደ።

«ተያዥ ሙባረክ ሱሩር፣ ለአንድ ዓመት ታግደዋል» አለች ሲስተሟ። «መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ኢክራም አቧራ ለብሳ መጣች። «ሽማግሌ ናቸው እኮ ሰላም ያሉኝ፣ ምን ላድርግ?» አለች እያለቀሰች።

ሙባረክ እጁን ከቧንቧው ላይ አንስቶ መዳፉን ተመለከተ። «ዝም ብለሻቸው ብታልፊ ኖሮ እኔው እቀየምሽ ነበር» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስድስተኛ ፎቅ በደረጃ ይወጣል፤ ትምህርት ቤቱ ለመድረስ ደግሞ ከወፍ ቀድሞ ይነሳል። አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም፤ እሷን ያቃጠላትም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት? ከተማችን ትንሽ ናት፤ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። የሥራ ባልደረቦቿ እናታቸው አዋሳ ታማባቸዋለች፣ ሐኪም ቀጠሮ አለባቸው፣ ልጅ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ውሸት አልነበረም። ዓመት ሙሉ በር የማይከፈትለት ሰው እንዴት ይኖራል? ኢክራም ግን ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ባዶው አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ነበር። ኮረብታውን ታያለች፣ ሲመሽ ትሄዳለች። ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። እኔም ሻይ ከማቅረብ በቀር የማደርግላት አልነበረኝም፤ ሠራተኛ ተያዥ እንዳይሆን ድርጅቱ ከልክሏል። ከልክሏል ስል ደግሞ ደስ ብሎኝ የተከለልኩበት ጥላ ነበር።

አንድ ቀን አዴ መገርቱ መጡ፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው። የከተማው እድር ዳኛ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ በትራቸውን የሚይዙት ለመደገፍ ሳይሆን ለመጠቆም ነው። ኢክራምን አዩ፣ ባዶውን አግዳሚ አዩ፣ ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ሲስተሟ ሄዱ።

«አንቺ» አሏት።

«እንደምን ዋሉ? ተያዥዎ ማን ነው?»

«እሱን ተይው። ይህችን ልጅ ሁለት ሰው ቢይዛትስ?»

«ቧንቧውን የጨበጡ ሁሉ ተያዥ ናቸው።»

«ቅጣቱስ?»

«በተያዦች ቁጥር እኩል ይካፈላል።»

አዴ በጣታቸው ቆጠሩ። «አሥራ ሁለት ብንሆን?» አሉ።

«ለእያንዳንዱ አንድ ወር።»

«ሃምሳ ብንሆን?»

«ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት ያህል።»

አዴ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ሁሉ ዓመት አብረሃት ተቀምጠህ ይህን ጠይቀሃት አታውቅም?»

«ማን ያስበዋል አዴ?»

«ሬሳ የተሸከመ ሰው ያስበዋል» አሉኝ። «እዚያ ደብረ ማርቆስ አንድ ሰው ብቻውን ሬሳ ይሸከማል?»

ሕጉን ያወጡት ብልጦችም ይህን አላሰቡትም ይሆናል። ሰው ሲይዝ አንድ ለአንድ ነው ብለው፣ እድር ያለበት አገር መሆኑን ዘንግተውታል።

በሚቀጥለው እሁድ ጉዳዩ እድር ላይ ተነሳ። አልገባም ያለ ነበር፣ የተሟገተ ነበር፣ «ሞተር ለመንዳት ደግሞ እድር!» ብሎ የወጣም ነበር። ሲወጣ አዴ «ሚስትህን ማን አዋለዳት?» ብለው መለሱት። ተራ ወጣ። ለቅሶ ቤት እንደሚታደረው ሁሉ ሰው በየተራው አግዳሚው ላይ መቀመጥ ጀመረ።

ችግሩ አግዳሚው ስድስት ሰው ብቻ መያዙ ነበር። ብየዳ ቤት ያለው ገመቹ መጣና ቧንቧውን ዙሪያውን ዞሮ አየው። «ብቀጥለውስ?» አለ። ሲስተሟን ጠየቅናት፤ ብረቱ እስከተያያዘ ድረስ ግድ እንደሌላት ነገረችን። ገመቹ ከፈረሰ ሎጅ የውሃ ቧንቧ እያመጣ ይበይድ ጀመር። ቧንቧው ከሱቄ በራፍ ተነስቶ የፀጉር አስተካካዩን መስኮት አለፈ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ታጠፈ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ዘለቀ። የማያውቅ ሰው ቢያየን ያበድን እንመስለው ነበር። አንዷ በአንድ እጇ ቧንቧ ይዛ በሌላው ምስር ትለቅማለች። ሰው አገጩን አረፋ አስነክሮ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ ቧንቧውን ጨብጦ ይላጫል። ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይይዛሉ፤ በኋላ አንገት ሲያማቸው ዞረው መነጋገር ጀመሩ።

ኢክራምም ነዳች። የሽማግሌ ሰላምታ ሲያጋጥማት ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ማለት ይቀላል፣ መሪውን ሁለት እጅ አድርጋ ታልፋለች። ማታ ማታ እየዞረች ይቅርታ ትጠይቃቸው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ፈቃዷ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው ቧንቧው ላይ ነበር። ገመቹም ነበር። እሁድ አዳማ ላይ ሴት ልጁን ይድራል፤ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሱፉ ነበር የሚያወራው፣ ትከሻው ጠቦኛል እያለ። የመገናኛ ሬድዮው ተንኮሻኮሸ።

«ጋሼ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማሻለሁ። ለምን ቆምሽ?»

«ከጋራ ሐሮ ደወሉልኝ። አንዲት ልጅ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ደም እየፈሰሳት ነው። በቃሬዛ ካንቀሳቀሷት አትደርስም። ምሰሶው ጋ ነኝ። ቦርሳዬን ይዣለሁ። ጠይቅልኝ ጋሼ። እነሱ ካላሉኝ አላልፍም።»

ማለፍ ትችል ነበር። ሞተሩን ምሰሶ አያስቆመውም። ነፍስ ልታድን ሳትጠይቀን ብታልፍ ማን ይወቅሳት ነበር? ግን ጠየቀች። ወንድሟ ደረጃ ሲወጣ እያየች የከረመች ልጅ ናትና ጠየቀች።

ለሰዎቹ ነገርኳቸው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ የእያንዳንዱን ድርሻ ያሳያል፤ አሥራ ሁለት ቀን ይላል። ሠርጉ አራት ቀን ቀርቶታል። ማንም ወደ ገመቹ አልተመለከተም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ፣ እኔም አዞርኩ፤ እጁን ሲያነሳ እንዳያፍር ነው። የልጅ ሠርግ ነው፣ ማን ይፈርድበታል?

ትንሽ ቆይቶ የገመቹ ድምፅ ተሰማ። «ሜዳው ላይ ምን ታያላችሁ?» አለ። ዞር ስንል በአንድ እጁ ሳይሆን በሁለቱም ጨብጧል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «ሰው ጥሩ እንጂ! ሰው ጥሩ!»

ያኔ ነው የተጯጯህነው። ፀጉር አስተካካዩ ከነመቀሱ ወጣ፣ ግማሽ ፊቱ የተላጨው ደንበኛም ተከተለው። ከዳቦ ቤት ዱቄት የለበሱ እጆች መጡ። ማቆሚያው ላይ አውቶቡስ ቆሞ ነበር፤ ወደ አዋሳ የሚሄዱ፣ የማናውቃቸው ሰዎች በመስኮት «ምንድን ነው?» ሲሉን «ምጥ!» አልናቸው። የሚበዙት ወረዱ። ሰሌዳው አሥር ቀን አለ፣ ሰባት አለ፣ አምስት አለ። ሙባረክ ከትምህርት ቤት በእግሩ እየሮጠ ደርሶ ቧንቧውን ያዘ። ሲስተሟ «እርስዎ የታገዱ ስለሆኑ ተያዥ መሆን አይችሉም» አለችው። አልለቀቀም።

እኔ ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ ነበር፣ ሬድዮውን ይዤ። ክልከላውን አስታወስኩ። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበትን ሥራ አስታወስኩ። ከዚያ ደግሞ በሕይወቴ ማንንም ይዤ እንደማላውቅ አስታወስኩና ያንን አልቻልኩትም። ቧንቧውን ጨበጥኩ። ብረቱ በሰው እጅ ሞቆ ነበር።

«ይትባረክ ዓለሙ፣ ተመዝግበዋል» አለችኝ ሲስተሟ።

ሰሌዳው ሦስት ቀን ሲል አዴ መገርቱ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «በቃ! ምጥ ሰው እስኪሞላ አይጠብቅም። እለፊ በላት!»

«እለፊ!» አልኩ በሬድዮው። ከሱቁ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ያለው ሰው ሁሉ «እለፊ!» አለ። ራቅ ብሎ አንዲት ነጭ አቧራ ቀዮቹን ምሰሶዎች አልፋ ወደ ኮረብታው ወጣች።

ሲስተሟ ስማችንን አንድ በአንድ እየጠራች ታግደን ጀመር። ብዙ ነበርን፣ ጊዜ ወሰደባት። የእድር ስም ጥሪ ይመስል ሰው ሁሉ ስሙ ሲነሳ «አቤት!» ይል ነበር። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሬድዮው ተናገረ።

«ሴት ናት» አለች ኢክራም። «እናቷም ደህና ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

እልልታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ ተመለሰ። አዋሳ ሳይደርሱ እዚሁ የታገዱትን መንገደኞች ተከፋፍለን ወደየቤታችን ወሰድናቸው። ሁላችንም በእግራችን ሄድን። ገመቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ተከፈተለት፤ እሁድ አዳማ ላይ፣ ትከሻው በጠበበው ሱፍ ልጁን ዳረ።

ድርጅቱ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ወዲያው ግን ነገሩ በአገር ተሰማና ተያዥ የሌለው ሰው ሁሉ ከየአቅጣጫው መጥቶ ይሰለፍ ጀመር፤ ባዶ የነበረው ሜዳ ሞተር አነሰው። ድርጅቱ ዝም አለ። ድርጅት ዝም ሲል ምክንያት አለው።

የኢክራም ሦስት ወር እንደገና ከመጀመሪያው መቆጠር ጀመረ። ከዚያም ሳያልቅ ሌላ ምጥ መጣ፤ ጠየቀችን፣ አለፈች። ከዚያም ሌላ። ፈቃዱ የሚመጣ አይመስለኝም፣ እሷም መጠየቅ ትታለች። ቧንቧው ግን ረዝሟል፣ እጅም በዝቷል፤ አሁን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ቀን አይበልጥም። የሙባረክ ዓመትም አልቋል፤ እግዱ በተነሳለት ማግስት ቧንቧው ላይ ነበር። በከተማችን በሥራ ቀን ደጃፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ያየ መንገደኛ «ምን ሆንክ?» አይልም። «ማን ተወለደ?» ይላል። «ወንድ» ወይም «ሴት» ይባላል፤ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ይባላል፤ አላፊው ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት አግዳሚው ሞልቶ ጠበቀኝ። ሁሉም አሉ፤ አዴ መገርቱ፣ ገመቹ፣ ሙባረክ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ዳቦ ቤቶቹ።

«ደንበኛው ማን ነው?» አልኩ።

«አንተ ነሃ» አሉኝ አዴ።

«እኔ? እኔ እኮ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ነድቶ አያውቅም አለችን ኢክራም። እውነት ነው?»

ኢክራም ሄልሜት ይዛ ከኋላዬ መጣች። ራሴው የወለወልኩት ሄልሜት ነው። «ጋሼ» አለችኝ ሳቋን አፍና፣ «ሞተር ላይ ሰላምታ የለም።»

ሲስተሟ ፊት ቆምኩ። ያን ጥያቄ አሥር ዓመት ሲጠየቅ ሰምቻለሁ፤ እኔን ጠይቃኝ አታውቅም።

«ተያዥዎ ማን ነው?»

አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ ቧንቧው ጮኸ፤ በቀለበት፣ በቁልፍ፣ በአዴ በትር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንኳኳ። ሲስተሟ ስሞቹን ስትመዘግብ ቆየች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሄልሜቱን ቶሎ አጠለቅኩ።

ሞተሩ ላይ ወጣሁ። ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ሁሉ ድንገት በሳቅ ፈረሱ። ወደ ታች ባይ እጆቼን ጭኔ ላይ አጣጥፌአለሁ።

«አይሄድም እኮ ጋሼ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

መሪውን ያዝኩ፣ እጀታውን ጠመዘዝኩ፣ ሄድኩ። አሥር ዓመት ከበራፍ ያየሁት ሜዳ ከሥሬ መጣ። እንባዬ በነፋሱ ወደ ጆሮዬ ሸሸ። ደስ አለኝ፤ ሌላ ቃል የለውም፣ ደስ አለኝ። በኮረብታው በኩል ያሉትን ምሰሶዎች ተጠግቼ ተመለስኩ፤ አንዱንም አልነካሁም። ከሱቁ አጠገብ፣ የመጨረሻዎቹን ምሰሶዎች በጎኔ አድርጌ ስቀርብ ሰዎቹ ቧንቧውን እንደያዙ ብድግ አሉ። ሁሉም። አዴ መገርቱ ሳይቀሩ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ለእኔ ብለው ብድግ አሉ።

ምን ላድርግ? ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

ስነሳ ከቀዩ ምሰሶ ማዶ ነበርኩ፣ አፌ አቧራ ሞልቶ፣ ሞተሩ ጎኔ ተጋድሞ። ሲስተሟ ስም መጥራት ጀምራለች። «አቤት!» ይላሉ እየሳቁ፣ «አቤት!»

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ቤቱ ዋለ። እኔም ኀፍረቴን ይዤ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ፤ አዴ ከመንገዱ ማዶ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ረፋዱ ላይ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ማር ሻጭ በመሀላችን ሲያልፍ ግራ ቀኙን ተመለከተና ቆመ።

«አዴ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ተወለደ?»

አዴ መገርቱ በትራቸውን አንስተው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ይኸው ተቀምጧል» አሉት። «ወንድ ነው።»